ከጥፍሬ ላይ ያልለቀቀው ቀይ

ድሬዳዋ ውስጥ እግር መደበቅ ከባድ ነው። ሙቀቱ ካልሲ አያስለብስም። ጠዋት በነጠላ ጫማ ትወጣለህ፣ ማታ በነጠላ ጫማ ትገባለህ። ሰው ቤት ስትሄድ ደግሞ እሱንም በር ላይ ታወልቅና ፍራሽ ላይ ትቀመጣለህ።

አንድ የሐምሌ እሑድ ከሰዓት እንደዚያ ተቀምጠን ነበር። ፍቅረኛዬ ቡና ታፈላለች። እኔ እግሬን ዘርግቼ ግድግዳውን ተደግፌአለሁ። ረከቦቱን ልታስጠጋ ጎንበስ ስትል ዓይኗ ቀኝ እግሬ አውራ ጣት ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድነው?»

አየሁት። ጥፍሬ ከቆዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ፣ ክር የመሰለች ቀጭን ቀይ መስመር። ሐሙስ ማታ የተቀባሁት የጥፍር ቀለም ነው። በአሴቶን ጠርጌው ነበር። ያቺ ጠርዝ አምልጣኛለች።

«ቀለም ነው» አልኳት።

የምተዳደረው የሱቅ ማስታወቂያ በመጻፍ ነው። ቀለም ከሰውነቴ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ አመነችኝ፣ ወይም ያመነች መሰለች። «እሺ» ብላ ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። እኔ ያንን ቡና እንዴት እንደጠጣሁት አላውቅም። አብረን በቆየንባቸው ሦስት ዓመታት ያልነገርኳት ነገር ነበር። ዓይን ዓይኗን እያየሁ ስዋሻት ግን የመጀመሪያዬ ነው።

እኔ የሴት ልብስ የምለብስ ወንድ ነኝ። ስሜንም ስሟንም ሰፈራችንንም አልጽፍም። የቀረውን ግን እንዳለ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ነገር በአማርኛ ያወራ ሰው ፈልጌ ያጣሁባቸውን ሌሊቶች አልረሳኋቸውም።

ፈረንጆቹ «ክሮስድሬሰር» ይሉታል። አማርኛችን ለዚህ የሚሆን ስም የለውም። ለሴት ልጅ «ወንዳወንድ» የሚል አለ፤ ብዙ ጊዜም እየሳቁ፣ በፍቅር ነው የሚሏት። ለወንድ «ሴታሴት» አለ። እሱ ግን ስድብ ነው። ደግሞም የሚናገረው ስለ አረማመድና ስለ አነጋገር ነው። እኔ የምራመደው እንደ ሰፈሬ ልጆች ነው፣ የምናገረውም እንደነሱ። ስም ስለሌለው ለአንድ ሰው ለመንገር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገኛል። ያንን ዓረፍተ ነገር አፌ እስኪለምደው ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

የጀመረው በሰባት ዓመቴ ግድም ነው። የእናቴ ድሪያ፣ የቤት ቀሚሷ፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ ሲያንሳፍፈው አይ ነበር። ስስ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ቢጫ አበባ አለው። አንድ ቀን ማንም ሳይኖር ገባሁበት። መሬት ለመሬት እየተጎተተ ግቢውን አንዴ ዞርኩና መልሼ ሰቀልኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ከዚያ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መጣ። 1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት። ድሬ ያደገ ሰው ያን ሌሊት ማስታወስ አይወድም። ከ200 በላይ ሰው ነው ያለቀው። እኛ ነፍሳችን ተረፈ እንጂ ቤታችን ውስጥ የቀረ ዕቃ አልነበረም። በተጠለልንበት ቦታ የዕርዳታ ልብስ ሲከፋፈል ለእኔ የደረሰኝ የሴት ልጅ ሸሚዝ ነበር። አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል ነበረው። ማንም ምንም አላለም፤ ሰው ሁሉ ያገኘውን ነበር የለበሰው። ያ ሁሉ ለቅሶ ባለበት ቦታ እኔ በዚያ ሸሚዝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሥር ዓመቴ ነው። ስለዚያ ደስታ ራሴን የወቀስኩትን ያህል በሌላ በምንም አልወቀስኩም።

ምክንያቱ እሱ ነው እያልኩ አይደለም። ከዚያም በፊት ነበር። ምክንያቱን መፈለግ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው አንድ ትልቅ ነገር ነው። በእኔ ቤት የሚሆነው ግን ትንሽ ነው። በሩን እቆልፋለሁ፣ ቬንትሌተሩን እከፍታለሁ፣ እለብሳለሁ። ከዚያ ሻይ አፈላለሁ። አንዳንዴ ሸሚዞቼን እተኩሳለሁ። አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ ሁለት ሰዓት። ትከሻዬ ላይ ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት ነገር የወረደ ይመስለኛል። አወልቃለሁ፣ አጥፋለሁ፣ ሻንጣ ውስጥ እቆልፋለሁ።

ስለ ልብስ ስናወራ አባቴን ማንሳት አለብኝ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን ማገልደም ነው። ድሬና ሐረር ይሄ የወንድ ልብስ ነው። ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ፣ እግር ለእግር ያልተከፈለ ጨርቅ። በርጫው ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ሁሉ በሽርጥ ናቸው። አንድ ጊዜ ከደጋ የመጣ የአክስቴ ልጅ «አጎቴ ጉርድ ቀሚስ ለብሷል!» ብሎ ሲጮህ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ጥቂት ሰዓት ስትሄድ የአባቴ የክብር ልብስ ቀሚስ ይሆናል ማለት ነው? የመንደራችን አዛውንቶች ጺማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም። ሽርጥና ድሪያ አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ እኔ የምለብሰው የሴት ስለሆነ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ግን ድንበሩን ያሰመረው ሰው መሆኑን ያየሁት በአባቴ ሽርጥ ነው።

የመጀመሪያዬን የራሴን ልብስ ያሰፋሁት ሐረር ነው። ድሬ ውስጥ አልደፈርኩም፤ አሸዋ ገበያም ሄድክ ታይዋን ገበያ የሚያውቅህ ሰው አታጣም። ሐረር ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም። ሚኒባስ ተሳፍሬ ደንገጎን ወጣሁ፣ አወዳይን አለፍኩ፣ ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። በግራ በቀኝ ወንዶች ተደርድረው የሴት ልብስ ይሰፋሉ። ቀኑን ሙሉ ጣታቸው ሐር ላይ ነው።

አንዱ ጋ ቆምኩና ጨርቁን ሰጠሁት።

«ለማን ነው?»

«ለእህቴ።»

«ልኳስ?»

«እኔን ታክላለች። ቁመታችን አንድ ነው።»

ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዬን ለካ። ከዚያ ደረቴን፣ ወገቤን። እጁ ፈጣን ነው፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ቁጥሮቹን በእርሳስ ጻፈ። «ሰፊ እህት ናት፣ አላህ ያቆያት» አለኝ። እህት የለኝም። በጀጎል ግንብ ስር ስወርድ ለሌለች እህቴ በተመረቀው ምርቃት ዓይኔ እንባ ሞላ።

ያንን ልብስ ሰባት ወር ያዝኩት። ከዚያ ጣልኩት። በዚህ ሕይወት ውስጥ ያለ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ትገዛለህ፣ ደስ ይልሃል፣ ከዚያ ያንገሸግሽሃል፣ «ሁለተኛ!» ብለህ ትምላለህ፣ ሁሉንም ትጥላለህ። እኔ ሦስት ጊዜ ጥያለሁ። ያንን የሐረር ልብስ በፌስታል አድርጌ በበጋ ሌሊት የደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ጣልኩት። በማግስቱ በድልድዩ ሳልፍ አንዲት ልጅ አንስታ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ስትሄድ አየኋት። በስምንት ወሬ ሌላ ገዛሁ።

ከእሷ ጋር ስተዋወቅ «አሁንማ ይተወኛል» ብዬ አምኜ ነበር። ፍቅር ይዞኛል፣ ምን ሊጎድለኝ? ስድስት ወር አልለበስኩም። ከዚያ ተመለሰ። እኔም ለራሴ «ስናገባ ይተወኛል» አልኩ። ስንቱ ወንድ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተደግፎ ጎጆ እንደሚወጣ አስባለሁ። ካገባ በኋላ፣ ልጅ ከወለደ በኋላ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ሻንጣ ትከፍታለች።

እናቴ ደግሞ ሽማግሌ እንልካለን እያለች ነበር። «አንተ ምን ትጠብቃለህ? ልጅቷ ጥሩ ናት» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ጥሩ ናት። ያስጨነቀኝም እሱ ነው። ሽማግሌ ቤቷ ገብቶ፣ አባቷ «እሺ» ብሎ፣ ዘመድ ሰምቶ ካበቃ በኋላ ብነግራት እምቢ ማለት ትችላለች? በአፍ ትችላለች። በተግባር ግን ሀገር ነው የሚነሳባት። ልነግራት ከሆነ መንገዱ ክፍት እያለ ነው፤ «አይሆንልኝም» ብላ ማንም ሳያውቅ፣ ማንንም ሳታሳፍር መሄድ በምትችልበት ጊዜ። ይህን ለማየት ሦስት ዓመት መውሰድ አልነበረበትም። በመጀመሪያው ዓመት መንገር ነበረብኝ። እሷም ይህንኑ ነው ያለችኝ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ወረቀት ላይ ጽፌ ቀደድኩ። የት ልንገራት የሚለው ራሱ አስጨነቀኝ። የእኔ ቤት አምስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንባባልበት ግድግዳ ነው ያለን። ካፌ አይሆንም። በመጨረሻ ከዚራ ሰፈርን መረጥኩ። ምሽት ላይ በዛፎቹ ስር በእግር ስትሄድ ማንም አይሰማህም። ጎን ለጎን ስትሄዱ ደግሞ ፊት ለፊት አትተያዩም። ይሄ ጠቅሞኛል።

ለገሃሬ አካባቢ ስንደርስ፣ የድሮው የባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት፣ ቆምኩ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። እስክጨርስ አታቋርጪኝ።»

«ምን ሆነሃል? ታመሃል እንዴ?»

«አልታመምኩም። ባለፈው እግሬ ላይ ያየሽው የጥፍር ቀለም ነው። የተቀባሁት ራሴ ነኝ። የሴት ልብስ መልበስ እወዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ብቻዬን፣ ቤቴ ውስጥ። ማንም አያውቅም። ዋሽቼሻለሁ።»

ይኸው ነው። ሃያ ዓመት የፈራሁት ነገር አንድ ደቂቃ አልሞላም።

ዝም አለች። አንድ ባጃጅ አጠገባችን ቀስ ብሎ «ትሄዳላችሁ?» አለን። «አንሄድም» ያለችው እሷ ናት። ባጃጁ ሲርቅ ዞራ አየችኝ። ቀጥሎ የተናገረችው በአእምሮዬ ካዘጋጀኋቸው መልሶች ውስጥ አልነበረም።

«ሌላ ሴት አለችው ብዬ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም። ልጅቷን ቁመቷን፣ መልኳን፣ ሁሉንም ሠርቼ ጨርሻለሁ። አንተ ታውቃለህ፣ እኔ አላውቅም። አጠገቤ ተቀምጠህ ቡናዬን ትጠጣለህ!»

አለቀሰች። ከዚያ የጥያቄ ዶፍ ወረደ። ወንድ ትወዳለህ? አልወድም፤ የምወደው አንቺን ነው። ሴት መሆን ትፈልጋለህ? አልፈልግም። እንደዚያ የሚሰማቸው ሰዎች አሉ፤ የነሱ ሕይወት ሌላ ነው፣ እኔ በወንድነቴ ነው የምኖረው። እኔ የጎደለብኝ ነገር አለ? የለም፤ አንቺን ሳላውቅም ነበር። በሽታ ነው?

ለዚህኛው ያነበብኩትን ነገርኳት። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር አለው። በቀድሞው ዝርዝር የተቃራኒ ፆታ ልብስ መልበስን የሚመለከቱ ሁለት የሕመም ስሞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ዝርዝር ሁለቱም ወጥተዋል። ሰምታ ስታበቃ «ድርጅቱ ይበል፤ አንተ ግን ለምን ተደበቅክ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

እስከ ቤቷ ሸኘኋት። «አትደውልልኝ። እኔ እደውላለሁ» አለች። ዘጠኝ ቀን አልደወለችም።

ስለነዚያ ዘጠኝ ቀናት ብዙ አልልም። ፍልሰታ ነበር። እንደምትጾም፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ አውቃለሁ። ዘዳግም 22፥5ን እንደምታውቅም አውቃለሁ፤ «ወንድም የሴት ልብስ አይልበስ» ይላል። እኔም በልቤ የተሸከምኩት ጥቅስ ነው። ለብሼ ያልጸለይኩበት፣ ጸልዬ ያልለበስኩበት ዓመት የለም።

በአሥረኛው ቀን መጣች። ፍራሹ ላይ አልተቀመጠችም፤ ወንበር ላይ ነው የተቀመጠችው። ነሐሴ 15 የእምባ መሪና ስንክሳር ሲነበብ እንደሰማች ነገረችኝ። ታሪኩን በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። መሪና አባቷ ሊመንን ሲነሳ አልለይህም ብላ ፀጉሯን ተላጭታ፣ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንዶች ገዳም ገባች። በኋላ የሰው ልጅ አስረግዘሃል ተብላ ተከሰሰች። «ሴት ነኝ» ብትል ትድን ነበር። አላለችም። ከገዳም ተባርራ ያልወለደችውን ሕፃን አሳደገች። ሴት መሆኗ የታወቀው ስትሞት፣ ሊገንዟት ሲሉ ነው።

«ያንተ ነገር እንደሷ አይደለም፤ እሷ ለእግዚአብሔር ብላ ነው» አለችኝ። «እሱን አውቃለሁ። ግን ሲነበብ እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። አንድ ሰው እንኳን ብታምን ኖሮ አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው። አንተስ ገናዦች እስኪያገኙህ ነበር የምትጠብቀው?»

የዚያን ቀን ብዙ አወራን። እሷ ፊት እንዳልለብስ ጠየቀችኝ፤ «አሁን አልችልም፣ ወደፊት እንደምችልም አላውቅም» አለች። እሺ አልኩ። ፎቶ እንዳልነሳ አስማለችኝ። እዚህ ላይ ልክ ናት፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይበላሻል፣ ጠጋኝ እጅ ይገባል። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 የሚናገረው በአንድ ፆታ ሰዎች መካከል ስለሚፈጸም ድርጊት ነው፤ የልብስ ጉዳይ አይደለም። ሰፈር ግን አንቀጽ አገላብጦ አይፈርድም። አንድ ፎቶ ከወጣ እኔ ብቻ ሳልሆን እሷም፣ እናቴም እዚህ ከተማ መኖር አንችልም። ይህን የምታነብ፣ የምታነቢ ካለሽ፣ ከመናገርሽ በፊት ሰውየው ተቆጥቶም ቢሆን ምስጢር የሚጠብቅ መሆኑን እይ። ሁሉም ፍቅር ያንን ፈተና አያልፍም። ስለ እሷ እርግጠኛ ነበርኩ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ተጣልተን እንኳ ገመናዬን ለሰው አውጥታ አታውቅም።

ልትሄድ ስትል በሩ ላይ ቆም አለች።

«ስትለብስ ምን ትባላለህ? ስም አለህ?»

«የለኝም።»

«አንቺ ልበልህ?»

ይሄን ስትል ድምጿ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። የምር ማወቅ ፈልጋ ነው። አማርኛ በዚህ አያስተርፍም፤ «ና» ወይ «ነይ» ሳትል እኩያህን መጥራት አትችልም። እንግሊዝኛ ቢሆን ጥያቄውም አይነሳም ነበር። ግን ያው አማርኛ ለፍቅር ብሎ የከፈተው በር አለ። እናቴ ስታቆላምጠኝ «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ምሳሽን ብዪ» ትለኝ ነበር፤ ወንድ ልጇን። ሀገሩ ሁሉ ሕፃን ወንድ ልጁን እንደዚያ ይጠራል። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚቆም አላስታውስም። አንድ ቀን «ና» ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ «ና» ነው።

«አንተ በይኝ» አልኳት። «ግን እናቴ ትንሽ ሳለሁ እንደምትለኝ አንዳንዴ ከመጣልሽ አትመልሽው።»

ሽማግሌው አልተላከም። እስከ መስቀል ጊዜ ስጠኝ ብላኛለች፤ ሰጥቻታለሁ። እናቴ «ምን ሆናችሁ?» ትላለች፤ «ሥራ ይዟት ነው» እላታለሁ። ይሄም ውሸት ነው፣ ግን ለጊዜው የሁለታችን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሻንጣዬን ቁልፍ ሰጠኋት። ትክፈተው፣ ትይ፣ ትጣለው፣ የፈለገችውን ታድርግ ብዬ ነው። መዳፏ ላይ ይዛው ቆየች። ትንሽ ናት፣ የቢጫ ብረት ቁልፍ። ከዚያ መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«ያንተ ነው፣ ያዘው። የት እንደምታስቀምጠው ብቻ ንገረኝ።»

«ከጀበናው ጀርባ፣ የስኳር ቆርቆሮው ውስጥ።»

«እሺ» አለችና ስኒዎቹን ልታጥብ ተነሳች።